የሚያክ ሊግ በኅዳር አይለካም፦ ለአንድ የቅርጫት ኳስ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ «አየኸው?» ብለው ነው የላኩት። አንዱ ምንም ሳይል ላከው። አራተኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ይህን የምጽፈው ከሁሉም በላይ ለእሱ ጥያቄ ነው።

ጽሑፉ የ2025-26 የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከመጀመሩ በፊት የሚያክ ሊግን የሚቃኝ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሚያክ ሲባል ሚድ ኢስተርን አትሌቲክ ኮንፈረንስ ማለት ነው። በ1970 ተመሠረተ። የጥቁር አሜሪካውያን ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩበት ሊግ ነው። ዛሬ ስምንት አባላት አሉት፦ ሃዋርድ፣ ሞርጋን ስቴት፣ ኮፒን ስቴት፣ ሜሪላንድ ኢስተርን ሾር፣ ደላዌር ስቴት፣ ኖርፎክ ስቴት፣ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል እና ሳውዝ ካሮላይና ስቴት። ሃዋርድ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሞርጋንና ኮፒን ባልቲሞር ናቸው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የጎረቤት ሊግ ነው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሊጉ ደካማ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ከትልልቅ ቡድኖች ጋር ሲጫወት የሚደርስበት የሽንፈት ብዛት ነው። ዋንጫው ከወዲሁ የኖርፎክ ስቴት ነው ይላሉ፤ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነው፣ ጥሎ ማለፉም እዚያው ኖርፎክ ከተማ ነው የሚካሄደው። ሃዋርድ ኮከቡን ብሌክ ሃርፐርን ካጣ ወዲህ አብቅቶለታል ይላሉ። ሊጉ ከ13 ወደ 8 ቡድን ወርዷልና እየከሰመ ነው ይላሉ። ማርች ማድነስ (የአገሪቱ የኮሌጆች ጥሎ ማለፍ) ላይም ዕጣው ዴይተን ከተማ ሄዶ በመጀመሪያው ምሽት መሸነፍ ነው ይላሉ። በመጨረሻም እኛ ሐበሾች ጊዜያችንንም ልጆቻችንንም በዚህ ሊግ ማባከን የለብንም፣ የሚታይ ነገር ከፈለግን ትልልቆቹ አሉ ብለው ይደመድማሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ስለዚህ ሊግ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ጸሐፊው ጊዜ ሰጥተው ጽፈዋል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የማልስማማው በመለኪያቸው ነው።

ከኅዳር ልጀምር፤ ጽሑፉ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

እውነት ነው፣ የሚያክ ቡድኖች ገና ከገና በፊት ብዙ ይሸነፋሉ። በ20 እና በ30 ነጥብ የሚሸነፉበትም ጊዜ አለ። ግን እነዚህ ጨዋታዎች እንዴት እንደሚመጡ ጽሑፉ አንድ ቃል አላነሳም። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለትንሽ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ይከፍላል። ለአንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ሺህ ዶላር አካባቢ። ትንሹ ቡድን አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል፣ በሰው ሜዳ በሰው ደጋፊ ፊት ይጫወታል፣ ቼኩን ይዞ ይመለሳል። መልስ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ገንዘብ የዓመቱ ጉዞ ይሸፈናል፤ የሌሎች ስፖርቶች ወጪ ሳይቀር የሚሸፈንበት ትምህርት ቤት አለ።

እስቲ ነገሩን ወደ አገር ቤት ወስደን እንየው። አንድ የክልል ክለብ የዓመቱን የመጀመሪያ 12 ጨዋታዎች በሙሉ አዲስ አበባ እየመጣ ከጊዮርጊስና ከቡና ጋር ብቻ ይጫወት። አንድም ጊዜ በራሱ ሜዳ እንዳይጫወት። ከዚያ በታኅሣሥ መጨረሻ ሰንጠረዡን አይተን «ይኼ ክለብ አይረባም» እንላለን? አንልም። «እስቲ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት እንየው» ነው የምንለው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የባልቲሞሩ ኮፒን ስቴት ነው። በ2007-08 ዓመቱን 4 አሸንፎ 19 ተሸንፎ ጀመረ። በጸሐፊው መለኪያ የሞተ ቡድን ነበር። ከዚያ የሊጉን ፍጻሜ ጨምሮ ከቀጣዮቹ 13 ጨዋታዎች 12ቱን አሸነፈ። ጥሎ ማለፉ ላይ ደርሶ የዓመቱን መደበኛ ውድድር በአንደኝነት የጨረሰውን ጎረቤቱን ሞርጋን ስቴትን በፍጻሜው 62 ለ 60 ረታ። 20 ጊዜ ተሸንፎ ማርች ማድነስ የገባ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በታኅሣሥ ያን ቡድን አይቶ ቅድመ ዕይታ የጻፈ ሰው ምን ብሎ ሊጽፍ ይችል እንደነበር አስቡት።

ደግሞ አንዳንዴ ትልቁ ራሱ ወደ ትንሹ ቤት ይመጣል። ጥር 2022 በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ኖትር ዳም ዲሲ መጥቶ በሃዋርድ ሜዳ ተጫወተ። ኖትር ዳም 71 ለ 68 አሸነፈ። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ። ያው ኖትር ዳም በዚያው ዓመት ማርች ማድነስ ገብቶ አላባማን ያስወጣ ቡድን ነው። ይህ አንድ ጨዋታ ሁሉን ያረጋግጣል አልልም። ሜዳው ሲቀየር ግን ቁጥሩም እንደሚቀየር ያሳያል።

ስለ ድክመት ከተነሳ አንድ ቁጥር ልጨምር። ማርች ማድነስ በ1985 ወደ 64 ቡድን ከሰፋ ወዲህ (ቡድኖቹ በየምድባቸው ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል) 15ኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን 2ኛውን ያሸነፈው 11 ጊዜ ብቻ ነው። በ40 ዓመት 11 ጊዜ። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱን ያሸነፉት የሚያክ ቡድኖች ናቸው። በ1997 ኮፒን ስቴት ሳውዝ ካሮላይናን 78 ለ 65። በ2001 ሃምፕተን አዮዋ ስቴትን 58 ለ 57። በ2012 ኖርፎክ ስቴት ሚዙሪን 86 ለ 84። የተሸነፉትም ቡድኖች ተራ አልነበሩም። ሳውዝ ካሮላይና በዚያ ዓመት የራሱ ሊግ አንደኛ ነበር። ሚዙሪ ዓመቱን ሙሉ 4 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ነው የመጣው።

የኖርፎኩን ጨዋታ የማይረሳ ሰው ብዙ ነው። ካይል ኦክዊን የሚባል ረጅም ልጅ 26 ነጥብ እና 14 ሪባውንድ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ከሊጉ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በዚያው ክረምት ኤንቢኤ ተመረጠ። ኮፒን ደግሞ በ1997 ከዚያ ድል በኋላ ከቴክሳስ ጋር ገጥሞ 82 ለ 81 ነው የወጣው። አንድ ቅርጫት ብትገባለት ኖሮ 16ቱ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊመልሱልኝ የሚችሉትን አውቃለሁ። ከነዚህ ድሎች የመጨረሻው የ2012ቱ ነው። ሃምፕተን ሊጉን ጥሎ ሄዷል። ኖርፎክም ከሚዙሪ ቀጥሎ በፍሎሪዳ 84 ለ 50 ተደቁሷል። ልክ ነው፣ ሁሉንም እቀበላለሁ። እኔ ሚያክ ከትልልቆቹ ጋር እኩል ነው አላልኩም። «ደካማ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ግን ከታሪኩ ጋር አይሄድም ነው የምለው።

ወደ ዋንጫው ልለፍ። «የኖርፎክ ስቴት ነው፣ ሌላው አጃቢ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው የተቀባበለው እሱ ይመስለኛል።

ኖርፎክ ትልቅ ቡድን ነው። አሰልጣኙ ሮበርት ጆንስ ከ2013 ጀምሮ እዚያ አሉ፤ ቡድናቸው በ2021፣ በ2022 እና በ2025 ሻምፒዮን ሆኗል። ጥሎ ማለፉ በስኮፕ አዳራሽ፣ በገዛ ከተማቸው ነው። ይህ ጥቅም አይደለም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ትክክል ነው።

ግን ያለፉትን ሦስት ፍጻሜዎች አንድ በአንድ እዩ። 2023፦ ሃዋርድ 65፣ ኖርፎክ ስቴት 64። 2024፦ ሃዋርድ 70፣ ደላዌር ስቴት 67። 2025፦ ኖርፎክ ስቴት 66፣ ሳውዝ ካሮላይና ስቴት 65። የሦስት ዓመት ፍጻሜ ልዩነት ቢደመር አምስት ነጥብ ነው። ከሁለት ቅርጫት አይበልጥም፤ አንድ ባለ ሦስትና አንድ ባለ ሁለት ኳስ ነው። በእንዲህ ያለ ሊግ «ከወዲሁ ያለቀ ዋንጫ» የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

መደበኛውን ዘመን መምራትም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። በ2024 ኖርፎክ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ በገዛ ከተማው በግማሽ ፍጻሜ በሃዋርድ ተሸነፈ። በ2019 በሊጉ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ መጥቶ ፍጻሜውን በኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል 50 ለ 47 ተነጠቀ። ከዚህ ሊግ ማርች ማድነስ የሚገባው አንድ ቡድን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ጥሎ ማለፉን ያሸነፈው። አራት ወር የለፋኸው በሦስት ጨዋታ ይወሰናል። ጨካኝ ሥርዓት ነው። ለሚያየው ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ደግሞ ጽሑፉ ሳውዝ ካሮላይና ስቴትን በአንድ መስመር ነው ያለፈው። ባለፈው ዓመት ከኖርፎክ እኩል 11 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ነው የጨረሰው። ፍጻሜውን በአንድ ነጥብ ነው ያጣው። ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራልም እንዲሁ ተዘሏል። አሰልጣኙ ሌቬል ሞተን ራሳቸው በዚያው ትምህርት ቤት የተጫወቱ ናቸው፤ ከ2009 ጀምሮ ያሰለጥናሉ፤ ቡድኑን አራት ጊዜ ማርች ማድነስ አድርሰዋል። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ያለበትን ቡድን ሳይጠሩ ቅድመ ዕይታ መጻፍ ለእኔ ትልቅ ክፍተት ነው።

አሁን ወደ ሃዋርድ። እዚህ ልቤ እንዳለ አልደብቅም።

ብሌክ ሃርፐር መሄዱ ያማል። ጸሐፊው በዚህ አልተሳሳቱም። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም፣ የሊጉ ምርጥ አዲስ ገቢም ተባለ። ሁለቱን ባንድ ዓመት። በጨዋታ ወደ 20 የሚጠጋ ነጥብ ያገባ ነበር። ከዚያ ዝውውሩ ተከፈተና ወደ ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ትልልቆቹ በገንዘብ ይወስዳሉ፣ ትንንሾቹ ያሳደጉትን ያጣሉ። ይህ የሚያክ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ የኮሌጅ ስፖርት ቁስል ነው።

ግን ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ሃዋርድ አብቅቶለታል» ሲሉ የዝውውሩን በር በአንድ ወገን ብቻ ነው ያዩት። በሩ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይከፈታል። የ2023ቱን ዋንጫ ያመጣው ማን ነበር? ጄላኒ ዊልያምስ። የዲሲ ልጅ ነው። ወደ ሃዋርድ የመጣው ከፔን (ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ) ነው። ፔን እያለ የጉልበቱ ጅማት ሦስት ጊዜ ተበጥሷል። ሦስት ጊዜ። አንዱ ብቻ ስንቱን ከኳስ እንደሚያስወጣ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። ከተመረቀ በኋላ የቀረችው አንድ የመጫወቻ ዓመት ነበረች፤ ያቺን ይዞ ወደ ቤቱ ወደ ዲሲ መጣ።

ያን ቀን የት እንደነበርኩ አስታውሳለሁ። ቅዳሜ ነው። ዘጠነኛው ጎዳና ላይ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነበርን። ትልቁ ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ኳስ ይዟል፤ እኛ ሦስት ሰዎች አንድ ስልክ በስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን እናያለን። ሃዋርድ በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው። ስድስት ሰከንድ ገደማ ቀርቷል። ጄላኒ ለቅጣት ውርወራ መስመሩ ላይ ቆመ። ኳሷን መሬት ላይ መታ መታ አደረጋት። የመጀመሪያዋ ገባች፤ እኩል ሆኑ። አስተናጋጇ ሲኒ ይዛ መጥታ ከኋላችን ቀጥ አለች፤ ምን እንደምናይ አታውቅም፣ ግን ፊታችንን አይታ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛዋም ገባች። 65 ለ 64። ሃዋርድ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርች ማድነስ ገባ። 31 ዓመት የተጠበቀ ነገር ነው። ቡናው ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።

ያን ቀን ያን ውርወራ የወረወረው በዝውውር የመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ ዝውውር የሚያክ ገዳይ ነው ሲባል እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው።

አሰልጣኙም አሉ። ኬኒ ብሌክኒ በ2019 ሲመጡ የመጀመሪያ ዓመታቸውን 4 አሸንፈው 29 ተሸንፈው ነው የጨረሱት። ያኔም «አበቃለት» ተብሎ ነበር። ከዚያ በአራተኛው ዓመት 22 አሸነፉ፣ ዋንጫም አነሱ። በማግሥቱ ዓመትም ደገሙት። እሳቸው ራሳቸው በተጫዋችነት ዘመናቸው ከዱክ ጋር በ1991 እና በ1992 የአገሪቱን ዋንጫ ያነሱ ሰው ናቸው። የሃዋርድን የ2023 እና የ2024 ዋንጫ ጣዕም የሚያውቀው ተጫዋች ብራይስ ሃሪስም ሃዋርድን ጥሎ አልሄደም። ባለፈው ዓመት ሃዋርድ 12 አሸንፎ 20 ተሸንፏል፤ ጥሩ ዓመት አልነበረም። ይሁንና ከዚህ የባሰ ዓመት አይቶ የተነሳ ቤት ነው።

ሃዋርድ ዘንድሮ ያሸንፋል ብዬ አልምልም። ለዋንጫው ከሚቀርቡት ሁለት ሦስት ቡድኖች አንዱ ነው ብዬ ግን በሙሉ ልብ እጽፋለሁ።

ሊጉ እየከሰመ ነው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ሃምፕተን በ2018 ወጣ። ሳቫና ስቴት ተከተለ። በ2021 ደግሞ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቤቱን ኩክማን እና ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ባንድ ጊዜ ሄዱ። ይህ ያስደነግጥ ነበር፤ ሁለት ሦስት ቡድን ቢደገም ደግሞ በእውነት ያሰጋል። ግን ስምንት ቡድን ማለት ሞት ማለት አይደለም። ሃርቫርድ፣ የልና ፕሪንስተን ያሉበት አይቪ ሊግም ስምንት ቡድን ነው። እነሱም 14 ጨዋታ ነው በሊጋቸው የሚጫወቱት፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ። ያንን ማንም «እየከሰመ ነው» ብሎ ሲጽፍ አላየሁም። እንዲያውም ቡድኖቹ ሲቀራረቡ ጉዞው አጠረ። ከዲሲ ባልቲሞር አንድ ሰዓት ነው። ቀድሞ ፍሎሪዳ ድረስ ይኬድ ነበር።

የዴይተኑ ነገር ግን በቁጥር መታረም አለበት። ለማያውቅ ሰው፦ ማርች ማድነስ 68 ቡድን ነው። ከነዚህ ስምንቱ መጀመሪያ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን ከተማ ሄደው እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ አራቱ ያልፋሉ። ጸሐፊው «የሚያክ ሻምፒዮን ሁልጊዜ ዕጣው ዴይተን ነው» ብለዋል። ሁልጊዜ አይደለም። ከ2021 እስከ 2025 ካሉት አምስት ዓመታት ዴይተን ዙር የገባው በሁለቱ ብቻ ነው፣ በ2021 እና በ2024። በ2022፣ በ2023 እና በ2025 በቀጥታ ነው የገባው። በ2021 ደግሞ ኖርፎክ አፓላቺያን ስቴትን 54 ለ 53 አሸንፎ አልፏል። ያን ዓመት በኮሮና ምክንያት ሁሉም ኢንዲያና ነበር፤ ዙሩ ግን ያው ነው።

ሽንፈቱም አለ። ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ከ2017 እስከ 2019 ሦስት ዓመት ተከታትሎ እዚያው ቀረ። ሃዋርድ በ2024 በዋግነር 71 ለ 68 ተሸነፈ፤ ያቺ ምሽት እስካሁን ትቆጨኛለች። ዴይተንን እንደ ውርደት ማየት ግን የሒሳቡን ነገር መርሳት ነው። ማርች ማድነስ ላይ የተጫወትከው ጨዋታ ለሊግህ ገንዘብ ያመጣል። አንዱ ድርሻ በስድስት ዓመት ተከፋፍሎ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ ለሊጉ አባላትም ይዳረሳል። ዴይተን ላይ ካሸነፍክ ሁለተኛ ድርሻ ታገኛለህ። ካንሳስን ወይም ፍሎሪዳን በቀጥታ ከመግጠም ይልቅ እንደ አንተ ካለ ቡድን ጋር መግጠም የማሸነፍ ዕድል ነው። ሃዋርድ በ2023 በቀጥታ ገብቶ በካንሳስ 96 ለ 68 ነው የወጣው። ኖርፎክ በ2025 በቀጥታ ገብቶ በፍሎሪዳ 95 ለ 69። ያቺ ፍሎሪዳ በመጨረሻ የአገሪቱን ዋንጫ ያነሳች ናት። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ለትንሽ ትምህርት ቤት ካዝና ዴይተን የሚሻልበት ዓመት አለ።

የመጨረሻው ነጥብ በጣም የነካኝ ነው። «እኛ ሐበሾች ከዚህ ሊግ ምን እናገኛለን» የሚለው።

ጸሐፊው ይህን ያሉት በክፋት አይመስለኝም። ልጆቻችን ትልቅ ነገር እንዲያዩ ነው የፈለጉት። የእኔም ምኞት ነው። ግን ሃዋርድን «ከእኛ ጋር የማይገናኝ» ብሎ መጥራት ታሪክን መርሳት ነው። ሐኪሙ መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ሃዋርድ ነው፤ በ1935 ተመረቁ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወደ አገራቸው ተመልሰው ቁስለኛ አከሙ፤ ከዚያም በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብን ድጋፍ ለኢትዮጵያ ሲያሰባስቡ ሞቱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በዚያ ጊቢ የተማረ፣ ያስተማረ፣ በሆስፒታሉ የሠራ፣ የወለደ ኢትዮጵያዊ ቁጥር ስፍር የለውም። ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ላይ ያሉት ምግብ ቤቶቻችን የበቀሉት በሃዋርድ ጥላ ሥር ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ልጆቻችንንም በተመለከተ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የሃዋርድ መጫወቻ በር ጂምናዚየም ይባላል። 2,700 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው። ከዩ ስትሪት ባቡር ጣቢያ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ 20 ደቂቃ በእግር ነው። እዚያ ገብታችሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብትቀመጡ የጫማው ጩኸት ጆሯችሁ ሥር ነው። አሰልጣኙ በዕረፍት ሰዓት የሚናገረው ይሰማል። ተጫዋቹ ተቀይሮ ሲወጣ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ ይታያል። የባንዱ ከበሮ ደረት ውስጥ ይገባል። ከዓመት በፊት የጓደኛዬን የ11 ዓመት ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ተጫዋች እጁን ዘርግቶ አልፎ ሄደ፤ ልጁ በመዳፉ መታው። መኪና ውስጥ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያን እጁን ሲያየው ነበር። ትልቁ ቡድን በቴሌቪዥን ይታያል፤ እኔም አያለሁ፤ ግን እጅ አይዘረጋም።

የትልልቆቹ ጨዋታ ከፍ ያለ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። ችሎታው ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ መብራቱም ይደምቃል። አንዱን ለማየት ግን ሌላውን መተው አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ፣ ማታ ደግሞ እዚያ ይቻላል።

ለእህቴ ልጅ የመለስኩለት እንዲህ ነው። ጽሑፉ ስለ ሃርፐር የሚለው እውነት ነው። ስለ ኖርፎክ ጥንካሬ የሚለው እውነት ነው። የቀረው ግን ጥር ላይ የሊጉ ጨዋታ ሲጀመር የሚታይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና ሰኞ ይጫወታሉ። ሳውዝ ካሮላይና ስቴት ወይም ኖርፎክ ዲሲ የሚመጣበትን ቀን መርጠን አብረን እንሂድ። ትኬቱ በእኔ ነው። ቀደም ብለህ ና፣ ሦስተኛው ረድፍ ቶሎ ይያዛል።